ማስታወቂያ ወይስ ቀድሞ መቀመጥ?

አዲስ የፍለጋ ሞተር ይዛችሁ መጣችሁ እንበል። ብሩን የት ታፈሱታላችሁ? ማስታወቂያ ላይ ወይስ ሰው ስልክና ብሮውዘር ሲከፍት ቀድሞ ለመገኘት?

ማስታወቂያውን እናስቀድም። ማይክሮሶፍት ቢንግ የተባለውን የፍለጋ ሞተሩን በ2009 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ማስታወቂያውን በቴሌቪዥን ለቀቀው። በ2012 ደግሞ «ቢንግ ኢት ኦን» ብሎ የራሱንና የጉግልን ውጤት ስማቸውን ደብቆ ጎን ለጎን አስቀመጠና፣ የቱ ይሻላል እያለ ሰዉን አስመረጠ። ሐሳቡ አሪፍ ነበር፣ አይካድም። ግን ሰው ሞክሮ «ይሄም ለካ ደህና ነው» ይልና ቀጣዩን ጥያቄ ጉግል ላይ ይጽፋል። እጁ ለምዷላ! ማስታወቂያ አንዴ ያስሞክራል፤ ልማድ ማስጣል ሌላ ጣጣ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ጩኸት የለውም። ጉግል የአፕል ብሮውዘር በሆነው ሳፋሪ ላይ ቀዳሚ ሆኖ ለመቀመጥ በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር መክፈሉ በአሜሪካ የፍርድ ቤት ሰነድ ወጥቷል። አብዛኛው ሰው ሴቲንግ አይነካካም፣ የመጣለትን ይጠቀማል።

ዋስትና ግን አይደለም። ፋየርፎክስ የተባለው ብሮውዘር በ2014 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ጉግልን አንስቶ ያሁ የተባለውን የፍለጋ ሞተር አስቀመጠ። የፋየርፎክስ ሰው ደግሞ መነካካት ይወዳል፤ ብዙዎቹ ጉግልን መለሱ፣ በ2017 የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላም ራሱ ወደ ጉግል ተመለሰ።

እኔን ከጠየቃችሁ ቀድሞ መቀመጡ ይበልጣል። ግን ገበያውን ገና የሚቀላቀል ኩባንያ ያን ያህል ብር ከየት ያመጣል? ዳክዳክጎ የተባለው ትንሽ የፍለጋ ሞተር በ2011 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ «ጉግል ይከታተላችኋል፣ እኛ አንከታተልም» የሚል ቢልቦርድ ሰቀለ። ጉግልን አልነቀነቀውም፤ የራሱን ሰው ግን አገኘ።