ቱሉ ዲምቱ ያለው የባንካችን ቅርንጫፍ፣ ብድር ክፍሉ

48 ዓመቴ ነው። የ20/80 ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። 20 በመቶውን ቆጥቤ ከፈልኩ፤ ቀሪው የባንክ ዕዳ ነው። በ60 ዓመቴ ጡረታ ሳልወጣ ልጨርሰው ብዬ፣ ዕቁብ ሲደርሰኝ 60,000 ብር ይዤ ሄድኩ። ከሦስት ወር በኋላ ስቴትመንት ሳስወጣ፣ ብሩ ለሚቀጥሉት ወራት ክፍያ ተብሎ ተቀምጧል። ዋናው ብድር አልቀነሰም! ወለዱም እንደዚያው ይቆጠራል። በጣም ከፋኝ።

ብድር ክፍል ያለችው ልጅ ግን፣ እግዜር ይስጣት፣ አስቀምጣ አስረዳችኝ። «ጋሼ፣ 'ከዋናው ዕዳ ይቀነስልኝ' ብለው ማመልከቻ ይጻፉ» አለችኝ። ጻፍኩ፤ በሳምንቱ ተስተካከለ። ለእሷ ስል ቅርንጫፉን አልቀይርም።

ወረፋው ያሰለቻል። ጠዋት በጊዜ ሂዱ። ደረሰኙ ላይ ምን ተብሎ እንደተመዘገበም እዚያው ቆማችሁ አንብቡ።