ስምንት ወር ከፊኛዋ ጋር፦ የጂግሊፓፍ ብርታትና ስስ ጎን

ዱባይ የምትሠራው እህቴ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያውን ኒንቴንዶ ስዊቹን ከነጨዋታው የላከችልን መስከረም ላይ ነው። ጨዋታው የልዩ ልዩ ጨዋታዎች ገጸ ባሕርያት የሚፋለሙበት ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ አልቲሜት (ባጭሩ ስማሽ) ነው። አሁን ሚያዝያ ገብቷል፤ በእነዚህ ስምንት ወራት ወንድሞቼ ተፋላሚ ሲቀያይሩ ከረሙ፣ እኔ ግን ከአንዷ አልተለየሁም። ጂግሊፓፍ ትባላለች። ከፖኬሞን የመጣች፣ ክብ፣ ሮዝ፣ ዓይነ ትልቅ ፍጥረት ናት። እኛ ቤት በስሟ የሚጠራት የለም፤ ታናሽ ወንድሜ ገና ባያት ዕለት «ፊኛዋ» አላት፣ በዚያው ጸደቀ። ፖኬሞኖች በየዓይነታቸው ሲመደቡ የእሷም ምድብ ፊኛ መሆኑን ልጁ አያውቅም ነበር፤ እኔም ያወቅሁት በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ይሁን ሐይቅ፣ ጨዋታውን ጀምሮ «ክብደቱ ቀላል የሆነ ተፋላሚ ልያዝ ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ ለሚያመነታ ሰው ነው። እኔ ስጀምር እንዲህ ብሎ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ያደግሁት ቴከን የሚባለው የፍልሚያ ጨዋታ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሸዋ በር አካባቢ የፕሌይስቴሽን ቤት ነበረው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ተራ እስኪደርሰኝ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የሰው እጅ አያለሁ። ቴከን ላይ የጤና መስመሩ ሲያልቅ ዙሩ አለቀ። ስማሽ ላይ እንዲህ ያለ መስመር የለም። በተመታችሁ ቁጥር በመቶኛ የሚቆጠር ጉዳት ይጨምራል፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ቀጣዩ ምት አርቆ ይወረውራችኋል፤ ነፍስ የምታልፈው ተወርውራችሁ ከስክሪኑ ዳር ስትወጡ ነው። ክብደት ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዓይነት ምት፣ በእኩል ጉዳት ላይ፣ ከባዱን ቅርብ ቀላሉን ሩቅ ይጥለዋል። የማሪዮ ክብደት 98 ነው። ከሁሉ የሚከብደው ባውዘር 135 ነው። ጂግሊፓፍ 68 ናት፤ ከእሷ የሚያንሰው 62 የሆነው ፒቹ ብቻ ነው። ቁጥሮቹ መምረጫው ገጽ ላይ አይታዩም፤ ሦስት ቀን የተጫወተ ሰው ግን በእጁ ያውቃቸዋል።

ጨዋታው ሲከፈት የሚገኙት ተፋላሚዎች ስምንት ብቻ ናቸው፤ ፊኛዋ ከእነሱ ውስጥ የለችም። በተጫወታችሁ ቁጥር አዲስ ተፋላሚ እየመጣ ይገጥማችኋል፤ ካሸነፋችሁት የእናንተ ይሆናል። ይህ ሁሉ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መሆኑ ለእኛ ቤት ትልቅ ነገር ነበር።

ብርታቷን ከአየር ልጀምር፤ ኑሮዋ እዚያ ነውና። መሬት ላይ ሩጫዋ ከዘገምተኞቹ ተርታ ነው። ከተነሳች በኋላ ግን ወደ ጎን የምትሄድበት ፍጥነት ከጨዋታው ፈጣኖች ጋር የሚሰለፍ ነው፤ አወራረዷ ደግሞ ከሁሉም የዘገየ ነው። ከመሬት ከምትነሳበት ዝላይ ሌላ አየር ላይ አምስት ጊዜ ትዘላለች፤ አብዛኞቹ ተፋላሚዎች ያላቸው አንድ ነው። ጦሳ ተራራ አናት ላይ ክንፉን ሳያርገበግብ ነፋስ ላይ የሚንሳፈፍ ጭልፊት ያየ ሰው እንቅስቃሴዋን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም። ተጋጣሚ ከመድረክ ወድቆ ለመመለስ ሲፍጨረጨር ሌላው ተፋላሚ ጠርዝ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ፊኛዋ ተከትላው ትወጣለች። ጀርባዋን ሰጥታ በእግሯ ትመታዋለች፣ አንድ ትዘላለች፣ ደግማ ትመታዋለች፣ ደግማ ትዘላለች። አንዱም ምት ለብቻው ገዳይ አይደለም፤ ሦስተኛው ላይ ግን ሰውየው መመለሻ ርቀት ያጣል፣ እሷ ተንሳፍፋ ትመለሳለች። በስምንት ወር ውስጥ ካገኘኋቸው ድሎች ግማሽ ያህሉ የመጡት በዚህ መንገድ ነው፤ አሁንም አልሰለቸኝም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ተከታታይ ምት የሚያውቁ ተጫዋቾች ፊኛዋ ላይ ይቸገራሉ። ከባዱ ተፋላሚ ሲመታ እዚያው አካባቢ ስለሚቆይ ሁለተኛውና ሦስተኛው ምት ያገኘዋል። እሷ በመጀመሪያው ምት ተወርውራ ትርቃለች፣ የሚከተላት ምት ባዶ አየር ይመታል። ያው ቅለት ቶሎ እንድትሞት ያደርጋታል፣ ያው ቅለት ከመደብደብ ያስጥላታል። «ጥንካሬዋ ይህ፣ ድክመቷ ያ» ብሎ ለሁለት መክፈል የሚከብደኝ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ እንቅልፉ ልምጣ። ቁልፉን ወደ ታች ተጭናችሁ ልዩ ምቷን ስታዙ ፊኛዋ ዓይኗን ጨፍና ትተኛለች። በተኛችበት ቅጽበት ሰውነቷ ከተጋጣሚው ሰውነት ጋር ከተነካካ ጨዋታው ውስጥ ካሉት አስፈሪ ምቶች አንዱ ይወጣል፤ መካከለኛ ክብደት ያለው ተፋላሚ ጉዳቱ ከ60 በመቶ ካለፈ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ካልተነካካ ከሦስት ሰከንድ በላይ ተኝታ ትቀራለች። ሦስት ሰከንድ በዚህ ጨዋታ ረጅም ዕድሜ ነው፤ ተጋጣሚው ተረጋግቶ ይጠጋል፣ ትልቁን ምቱን እስከ መጨረሻው ያጠራቅማል፣ ይለቀዋል።

የካቲት ላይ አንድ ማታ መብራት ሄደ። ስዊቹን ከቴሌቪዥኑ ነቅለን በባትሪው ትንሿ ጠረጴዛ ላይ አቆምነው፤ ግራና ቀኙን ጆይስቲክ እኔና ከኮምቦልቻ የመጣው የአክስቴ ልጅ ተካፈልን። አክስቴ አጠገባችን በሻማ ብርሃን ቶናውን ታፈላለች። ስክሪኑ 6.2 ኢንች ነው፤ ፊኛዋ የሽምብራ ፍሬ አክላለች። እሱ ባውዘርን ይዟል። አንዳንድ ነፍስ ቀርቶናል፣ የእሱ ጉዳት 94፣ የእኔ 61። እሳቱን ሲተፋ ወደ ላይ ወጣሁ፤ እስኪያልቅበት ሁለቴ ዘለልኩ። ጎንበስ ብሎ ሊሸሽ ሲል ከላዩ ወረድኩ፣ እጇን ከራሷ በላይ የምታወዛውዝበት ምት ጫፉን ያዘው፣ እኩል መሬት ነካን፣ አውራ ጣቴን ወደ ታች ተጫንኩ። ዓይኗ ተከደነ። ባውዘር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ጠፋ። አክስቴ ጀበናውን እንደያዘች አንገቷን አስግጋ «ልጄ፣ አሸንፋ ነው የተኛችው ወይስ ተሸንፋ?» አለችኝ። «አሸንፋ ነው፣ አክስቴ» አልኳት።

ግን ሚዛኑን ልናገር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከአምስት ሙከራ አራቱን እስት ነበር። አሁን ግማሹ ይሳካልኛል፤ የተሻሻልኩት በእጅ ፍጥነት አይደለም፣ ባለመሞከር ነው። ሌላ ምት መጀመሪያ ካላገኘ እንቅልፉን አልነካም። ሦስትና አራት ሆናችሁ ስትጫወቱማ ጨርሶ ተጠንቀቁ፤ አንዱን ብታስወግዱ እንኳ የተኛችውን ፊኛ ሦስተኛው ሰው ያገኛታል።

ከድክመቶቿ ሁሉ የከፋው ጋሻው ነው። ማንኛውም ተፋላሚ ጋሻው ሲሰበር ትንሽ ተስፈንጥሮ ይመለስና ደንዝዞ ይቆማል። ፊኛዋ ግን ጋሻዋ ሲሰበር ወደ ሰማይ ትተኮሳለች፤ የሚገታት ጣሪያ ከሌለ ከስክሪኑ አናት ወጥታ ነፍሷ ያልፋል። ጉዳቷ ዜሮ ቢሆንም ለውጥ የለውም። ይህን ያወቅሁት በዚያው በአክስቴ ልጅ ባውዘር ነው። ጋሻዬን ከፍቼ አንዱን ምት ቻልኩ፣ ሁለተኛውን ቻልኩ፤ የጋሻው ክብ አንሶ ገላዋ በዳር በዳሩ መታየት ጀመረ። ከዚያ ባውዘር ዘሎ በሙሉ ክብደቱ ከላይ ወረደብኝ። የመስተዋት ስብርባሪ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፣ ፊኛዋ ሽቅብ ሄደች። ቤቱ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም፣ ምን እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረማ። ጉዳቴ 12 ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሻ የምከፍተው ለአንድ ምት ብቻ ነው፤ ወዲያው ለቅቄ እዘላለሁ።

የክንዷ ማጠርም ያስመርራል። ሉሲናንና ክላውድን የመሳሰሉ ባለ ሰይፎች እሷ ገና ሳትደርስ ይደርሱባታል። በስተቀኝ ስትጠጋ ሰይፍ፣ ከላይ ስትወርድ ሰይፍ ነው። መፍትሔው ባዶ እንዲሰነዝሩ ከርቀት መወዛወዝና በዚያች ክፍተት መግባት ነው፤ ሥራው ግን አድካሚ ነው፣ ጥሩ ሰይፈኛ ከሆነ ደግሞ ክፍተቱን አይሰጥም።

ሌሎቹ ተፋላሚዎች ሲወድቁ ወደ ላይ የሚያወጣቸው ልዩ ምት አላቸው። የእሷ ወደ ላይ የሚታዘዘው ልዩ ምት ዘፈን ነው፣ አንድ ስንዝር አያነሳትም። ዝላዮቿ ካለቁ በእርጋታ እየወረደች መሞቷን ከማየት በቀር የሚደረግ የለም። እኔ እስካሁን ዝላዮቼን ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፤ «አራት» ካልኩ ወደ መድረኩ መዞር አለብኝ።

ስለ ዘፈኑ ካነሳሁ፦ ፊኛዋ ማይክራፎን ሳትይዝ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሦስት ሰከንድ ያህል ታንጎራጉራለች። አጠገቧ መሬት ላይ የቆመ ተጋጣሚ ይተኛል፤ አየር ላይ ያለ አይነካውም። ለውድድር ብዙም አይጠቅምም፣ ምክንያቱም ሊመታት የፈለገ ሰው እስክትጨርስ አይጠብቃትም። ግን ይህን ምት ከልቤ እወደዋለሁ። ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ ተብለው በቦታ ስም የሚጠሩበት አገር ላይ ተወልጄ፣ ከሰማንያ በላይ ከሆኑት ተፋላሚዎች መካከል መሣሪያዋ ዜማ የሆነችውን መምረጤ ተገቢ ይመስለኛል። አክስቴም ከጨዋታው ሁሉ የምትጠይቀኝ «እስኪ አዘፍኚያት» ብላ ነው።

በዓለም ደረጃ ሀንግሪቦክስ በሚባል ስም የሚታወቀው ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ2016 ኢቮ በሚባለው ትልቅ የፍልሚያ ጨዋታዎች ውድድር ላይ ዋንጫ ያነሳው በጂግሊፓፍ ነው። ያ ግን በ2001 የወጣው የቀድሞው ጨዋታ፣ ስማሽ ሜሌ ነው፤ እዚያ ከላይኞቹ ተርታ ትመደባለች። አልቲሜት ላይ ያችን ፊኛ እናገኛለን ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ከሀንግሪቦክስ ቪዲዮዎች የተማርኩት አንድ ጠቃሚ ነገር ትዕግሥቱን ነው፦ እሱም ዙሪያውን እየተንሳፈፈ ብዙ ይጠብቃል።

ለማን ትሆናለች? ጨዋታውን ገና ለሚጀምር ልጅ ኪርቢን ስጡት። እሱም ክብ ነው፣ እሱም አየር ላይ ደጋግሞ ይዘላል፤ ነገር ግን ክብደቱ 79 ነው፣ ሲወድቅ የሚያወጣው ምት አለው፣ ጋሻው ቢሰበርም አይሞትም። ከኪርቢ ጋር ሁለት ወር የተጫወተ ሰው ፊኛዋን ቢይዝ ያነሰ ይናደዳል። በሌላ በኩል፣ መጠበቅ የሚችል፣ ሦስት ነፍስ ይዞ ሁለቱን በስህተት አጥቶ በሦስተኛዋ ለመመለስ ልብ ያለው ሰው ካለ ከፊኛዋ የተሻለ አልመክርም። እኔ አልቀይራትም።

የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ይመጣል። ባውዘርን ትቶ ማርዝን እየተለማመደ እንደሆነ ወንድሜ ነግሮኛል። ማርዝ ጋሻ ለመስበር የተሠራ ልዩ ምት አለው። እኔም ከትናንት በስቲያ ጀምሮ የጋሻውን ቁልፍ ሳልነካ መጫወት እየተለማመድኩ ነው።