«ስንት ጠብታ?» የሽሪምፖቻችንን ግልገሎች ላተረፉልን ጋሼ ምስጋና

ሰላም የለንደን ሰዎች። ይህ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ሰውየው ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላስጠነቀቁኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ሥራቸው የአኳሪየም ጥገና ነው። ሬስቶራንት፣ የጥርስ ሐኪም ቤት፣ የሰው ቤት እየዞሩ ገንዳ ያጸዳሉ፣ ማጣሪያ ይቀይራሉ፣ ውሃ ያስተካክላሉ።

ነገሩ የጀመረው ልጄ ለልደቷ ሽሪምፕ ካልተገዛልኝ ብላ ስታለቅስ ነው። ለመብላት አይደለም፣ ለማሳደግ። እናቴ በቪዲዮ ስታያቸው «የውሃ በረሮ ነው እንዴ የገዛሽላት?» አለችኝ። ቼሪ የሚባሉት ቀያዮቹ ናቸው። 30 ሊትር የምትይዝ ገንዳ ውስጥ 10 አስገባን። ብዙም ሳይቆይ አንዷ ሆዷ ስር እንቁላል ታቅፋ ታየች። ቤቱ ሠርግ ሆነ።

እንቁላሉን አንድ ወር ገደማ ተሸክማው ትዞራለች። ከዚያ ሁለት ሚሊሜትር የማይሞሉ፣ መልካቸው ግን ቁርጥ እናታቸውን የሆኑ ግልገሎች ይፈለፈላሉ። ልጄ በባትሪ እያበራች 19 ቆጠረች። በሳምንቱ 6 ቀሩ። በሁለተኛው ሳምንት አንድም የለም። ይህ ሦስት ጊዜ ተደጋገመ። ትልልቆቹ ደህና ስለነበሩ ውሃውን አልጠረጠርኩም። ማጣሪያው እየዋጣቸው መስሎኝ አፉን በስፖንጅ ሸፈንኩ። ምግብ ቀየርኩ። ምንም የለም። በመጨረሻ አንዲት ትልቅ ሞታ አገኘን። ከራሷ ዝቅ ብሎ ዙሪያዋን ነጭ ቀለበት የመሰለ መስመር ነበራት።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋሼን ጠቆመችኝ። በቀጠሯቸው ሳይሆን ከቀጠሯቸው አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይተው መጡ (ይሄን ጠብቁ፣ ሁሌም ነው)። ገንዳውን ገና ሳያዩ «ልጄ፣ ውሃ የምታፈይበትን ማንቆርቆሪያ አምጪልኝ» አሉኝ። ሻይ የፈለጉ መስሎኝ ልጥድ ስል ክዳኑን ከፍተው ውስጡን አሳዩኝ። ነጭ ቅርፊት ጋግሮበታል። «ይሄ ኖራ ነው። ሽሪምፖችሽ ውስጡ ነው የሚኖሩት።»

የለንደን ውሃ በአብዛኛው ከቴምስና ከሊ ወንዞች ነው፤ ከመሬት ስርም ይቀዳል። በዙሪያችን ያለው መሬት ደግሞ ነጭ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውሃው ካልሲየም ይዞ ይመጣል። እዚህ አገር ጠንካራ ውሃ የሚሉት እሱን ነው። መለኪያው ጂኤች ይባላል። ጋሼ ከቧንቧ አምስት ሚሊ ሊትር በትንሽ ብልቃጥ ቀዱና መመርመሪያውን ፈሳሽ ጠብ ጠብ ያደርጉበት ጀመር። ውሃው መጀመሪያ ብርቱካናማ ይሆናል። ወደ አረንጓዴ እስኪዞር ድረስ ጠብታ ትቆጥራላችሁ፤ አንድ ጠብታ አንድ ዲግሪ ነው። የቧንቧው 16 ላይ ዞረ። ቀጥሎ የገንዳውን ቀዱ። ልጄ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። 16 አለፈ፣ 20 አለፈ። ጋሼ ዝም አሉ። 27 ላይ አረንጓዴ ሆነ። ለቼሪ ጥሩ የሚባለው ከ6 እስከ 8 ነው። ትልልቆቹ ከዚያ በላይም ይችላሉ፣ 27 ግን በዛ።

«የሚጎድለውን ውሃ በምንድን ነው የምትሞዪው?» አሉኝ። በቧንቧ ነዋ! ሽሪምፖቹን የሸጠልኝ ሰው «ውሃውን አትቀይሪ፣ የጎደለውን ብቻ ሙዪ» ብሎኝ ከግማሽ ዓመት በላይ እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ። ጋሼ ሳቁ። «ወጥ እሳት ላይ ረስተሽ ስትመለሺ ጨው ይበዛበታል አይደል? ማን ጨመረው? ውሃው ነው የሚተነው፣ ድንጋዩ እዚያው ነው።» በየሳምንቱ ውሃው ይተንብኛል። በየሳምንቱ በላዩ ኖራ ስጨምርበት ነበር ማለት ነው።

ለምን ግልገሎቹ ብቻ? ሽሪምፕ እንደ እባብ ቅርፊቱን እየጣለ ነው የሚያድገው። ትልቁ በሳምንታት አንዴ ይጥላል፣ ግልገሉ ግን በየጥቂት ቀኑ። ውሃው ካልተስማማው ቅርፊቱ በወጉ አይሰነጠቅም፣ ውስጡ ተይዞ ይሞታል። ያ ነጭ ቀለበት እሱ ነበር። ግልገሉ ቶሎ ቶሎ ስለሚጥል ቶሎ ይጠመዳል።

እኔ ወዲያው ውሃውን ሁሉ ደፍቼ በንጹህ ልቀይር ተነሳሁ። እጄን ያዙኝ። በድንገት ከተቀየረ ያለ ጊዜያቸው ቅርፊት ይጥሉና የቀሩትም ያልቃሉ። ከዚያ በአንድ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሒሳቡን ሠሩልኝ። የባሕር ዓሣ የሚሸጡ ሱቆች አርኦ የሚባል ማዕድኑ ተጣርቶ የወጣለት ውሃ በጀሪካን ይሸጣሉ። ለብቻው አይሆንም፤ ባዶ ስለሆነ ቅርፊት የሚሠሩበት ካልሲየም ያጣሉ። ግማሽ አርኦ፣ ግማሽ ክሎሪኑ የተገደለ የቧንቧ ውሃ ሲቀላቀል 16 ወደ 8 ይወርዳል። ማዕድን የሚጨምር ዱቄት ልገዛ ስል «ምን ያደርግልሻል፣ ከቧንቧሽ በነጻ ይመጣ የለ» ብለው ተቆጡኝ። ክሪስታል የሚባሉትን ቀይና ነጭ ሽሪምፖች የሚያሳድግ ግን ዱቄቱ ግድ ነው። እነሱ የቧንቧችንን ውሃ ከነጭራሹ አይወዱም።

በሳምንት ሁለት ቀን ሦስት ሊትር ቀድቼ አወጣለሁ። ቅልቅሉን ደግሞ በቀጭን የአየር ቱቦ፣ ቱቦውን በልኩ ቋጥሬ፣ በሰከንድ ሁለት ጠብታ ያህል አስገባለሁ። ማታ የከፈትኩት ጠዋት ያልቃል። የሚተነውን የምተካው በአርኦ ብቻ ነው። በሁለት ወር ከ27 ወደ 11 ወረደ፣ አሁን 8 ላይ ቆሟል።

አራተኛው ወሊድ 11 ላይ እያለን መጣ። ትናንት ልጄ 40 ድረስ ቆጥራ ተወችው፤ አንድ ቦታ አይቆሙላትም። የመጀመሪያዎቹ አንድ ሳንቲሜትር ሆነው መቅላት ጀምረዋል።

ጋሼ ለመጀመሪያው ቀን የተነጋገርነውን ክፍያ ተቀበሉ። ለሁለተኛው ጊዜ ሲመጡ ግን እንቢ ብለው ቡና ጠጥተው ሄዱ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ለልጄ ሁሉንም እያስቆጠሩ ስላስተማሩልኝ ደግሞ በተለይ።

ግላስጎው ያላችሁ፣ የእናንተ ጣጣ ተቃራኒው ነው። ከሎክ ካትሪን ሐይቅ የሚመጣው ውሃ በጣም ለስላሳ ስለሆነ ማዕድን መጨመር እንጂ መቀነስ አይደለም የሚያስፈልጋችሁ። የቤት ውሃ ማለስለሻ ያስገጠማችሁም ከእሱ አትቅዱ፤ ካልሲየሙን ወስዶ በሶዲየም ነው የሚተካው።

የጋሼን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ፣ ፈቅደውልኛል። ከመደወላችሁ በፊት ግን መመርመሪያውን ገዝታችሁ የቧንቧውንም የገንዳውንም ለኩ። ሰላምታ ሳይጨርሱ የሚጠይቋችሁ «ስንት ጠብታ?» ብለው ነው።