ከአስጎብኚ ጋር ግማሽ ቀን በጎንደር፦ ፋንታሲ ለሚጽፍ ሰው ያዋጣል?

ባጭሩ፣ ያዋጣል። አስጎብኚውን መርጣችሁ ከያዛችሁ ነው ታዲያ።

ለቱሪስት የሚሆን ጽሑፍ ሞልቷል፣ እሱን አልደግመውም። የማወራው ፋንታሲ (አስማትና ምናባዊ ዓለም ያለበት ልቦለድ) ለሚጽፉ፣ ወይም ለመጻፍ አስበው ከየት እንደሚጀምሩ ለጠፋባቸው ሰዎች ነው። እኔ ጎንደር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ነገሥታትና መናፍስት የሚተራመሱበት ልቦለድ እጽፋለሁ። የከተማው ልጅ ደግሞ ግንቡን አይጎበኝም። በአጥሩ ሥር ያልፋል፣ "ግንቡ ጋ ጠብቂኝ" ብሎ ቀጠሮ ይይዛል፣ በቃ። ስለዚህ እንደ እንግዳ ከፍዬ፣ አስጎብኚ ይዤ ፋሲል ግቢን፣ የፋሲል መዋኛን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ቁስቋምን ዞርኩ። ከተለያዩ አስጎብኚዎች ጋር ስለዞርኩ ልዩነታቸውን ለመናገር አልቸገርም።

አስጎብኚ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዓመተ ምሕረት ይደረድራል። "ከተማዋን አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ቆረቆሯት፣ ግንቡ 32 ሜትር ነው፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዘገበው፣ እንቀጥል።" ትክክል ነው፣ አልተሳሳተም። ግን ይህን ለመስማት ሰው መቅጠር አያስፈልግም። ሁለተኛው ቆም ይላል። አንዱ ገና በሩ ላይ አስቁሞኝ "እህቴ፣ በዚህ በኩል ማን የሚገባ ይመስልሻል?" አለኝ። ንጉሡ አልኩት። ሳቀ።

ግቢው 12 በር ነበረው፣ እያንዳንዱም የራሱ ሰው አለው። ሙዚቀኞቹ እምቢልታ በር አላቸው። የፈረሰኞቹ አለቃ ባልደራስ በር አለው። ተዝካሮ በር ደግሞ ለተዝካር ነው። እርግብ በር የሚባልም አለ። ለኔ ይቺ ብቻ የከፈልኩትን ግማሽ መልሳልኛለች። ፋንታሲ ስንጽፍ ትልቅ ቤተ መንግሥት እንገነባና አንድ በር እንሠራለታለን፤ ጀግናው በሱ ይገባል፣ ጠላትም እሱኑ ይሰብራል። ሐዘንተኛው በየት ነው የሚወጣው? እንጀራ የተሸከመችው ሴትዮ በየት ትገባለች? እምቢልታ ነፊው ቢሰክርና በተዝካር በር ቢገባስ? ይህቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ እዚያው ቆሜ ስልኬ ላይ ጻፍኳት፤ አሁን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሆናለች።

ገጸ ባሕርይ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ግቢው ጎተራ ነው። አፄ በካፋን ውሰዱ፣ ከ1721 እስከ 1730 እ.ኤ.አ. የነገሡትን። ሕዝቡ ምን እንደሚል ለመስማት ልብሳቸውን ለውጠው በየመንደሩ ይዞሩ ነበር ይባላል። አንዴም ተሰውረው ቆይተው፣ ሞቱ ተብሎ ሲወራ ብቅ ብለው ከተማውን በድንጋጤ እንዳደረቁት ይተረካል። ቋራ ውስጥ ታመው በቆዩበት ቤት ያስታመመቻቸው ልጅ ናት አሉ በኋላ እቴጌ ምንትዋብ የሆነችው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ጥሩ አስጎብኚ "ይባላል" የሚለውን ቃል አይረሳም። የተጻፈውንና የሚወራውን ለይቶ ያስቀምጥላችኋል። ለጸሐፊ ሁለቱም ይጠቅማሉ፣ ግን የቱ የቱ እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ።

ከዚያ ታላቁ ኢያሱ አሉ። ቤተ መንግሥታቸው በዝሆን ጥርስ፣ በመስተዋትና በወርቅ ያጌጠ ነበር። በ1704 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ በ1941 እ.ኤ.አ. ጣሊያንን ለማስወጣት ሲዋጉ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉበት። አሁን ውስጡ ገብታችሁ ቀና ስትሉ ሰማይ ነው የምታዩት። ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ዙፋኑን ያዘ፣ አባቱን አስገደለ፣ ብዙም ሳይቆይ እሱም ተገደለ። ሕዝቡም ርጉም ተክለ ሃይማኖት አለው። ይህን ታሪክ ልቦለድ ውስጥ ብከተው አርታዒ "በዛ፣ ቀንሺው" ይለኝ ነበር።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ፋንታሲ እንደምጽፍ ሲሰማ አንዱ አስጎብኚ ወዲያው "ቶልኪን እኮ ጎንዶርን ከኛ ነው የወሰደው" አለኝ። ቶልኪን "የቀለበቶቹ ጌታ"ን የጻፈው እንግሊዛዊ ነው፣ ጎንዶር ደግሞ እዚያ ልቦለድ ውስጥ ያለች መንግሥት ናት። ደስ ይላል፣ ማን ይጠላል። ቶልኪን ራሱ ግን በ1971 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ተጠይቆ በደብዳቤ ሲመልስ የኛን ከተማ ስም ከዚያ በፊት ሰምቶ እንደሆነ አላስታውስም ብሏል። ይህን ስነግረው አስጎብኚው ትንሽ ቅር አለው። እኔን ከስሙ ይልቅ የሚገርመኝ የቶልኪን አኗኗር ነው። ኦክስፎርድ ውስጥ የጥንት እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር፤ ቀን ፈተና ሲያርም ይውላል፣ ማታ ይጽፋል፣ ረቂቁን ጓደኞቹ ተሰብስበው ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፣ እነሱም አያዝኑለትም። ትልቁ ሥራው ከ10 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ዘንዶውንና ጀግናውን ያገኛቸው ሲያስተምራቸው በኖረው የሰሜን አውሮፓ የጥንት ግጥሞች ውስጥ ነው። እኛ ደግሞ እሱ ከራሱ ጓሮ የቆፈረውን ዘንዶ "ድራጎን" ብለን በአውሮፕላን እናስመጣለን፤ ጎረቤት ያሉት እማሆይ የሚያወሩት ታሪክ ግን ሰሚ አጥቷል።

ወደ ጉብኝቱ ልመለስ። ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ሁሉ ዝለሉና ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሂዱ። ጫማ አውልቃችሁ ስትገቡ መጀመሪያ ጨለማ ነው፣ ዓይናችሁ እስኪለምድ ታገሡ። ከዚያ ቀና በሉ። ጣሪያው ላይ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት ተደርድሯል፤ ራስና ክንፍ ብቻ፣ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ወደ ታች የሚያዩ። ወደየትኛውም ጥግ ብትሄዱ የሚያያችሁ አታጡም። ብዙ ሰው ፎቶውን ያነሳና ይወጣል። እናንተ ግን ግድግዳው ላይ ቆዩ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቁ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። ሰቃዮቹን፣ ከሐዲውን አንድ በአንድ እዩአቸው፣ አብዛኞቹ ጎናቸውን ሰጥተው ነው የቆሙት።

ይህን ያሳየኝ አስጎብኚ ምን እንደሰጠኝ አያውቅም። ልቦለዴ ውስጥ ያለው ክፉ ሰውዬ ለረጅም ጊዜ አስቸግሮኝ ነበር። ሲጮህ፣ ሲያስፈራራ፣ ሲገርፍ አሰልቺ ሆነብኝ። አሁን ለማንም ፊቱን አዙሮ አያሳይም። መስኮት ላይ ይቆማል፣ በቅሎ ላይ ይቀመጣል፣ ሁልጊዜ በጎን ነው የሚታየው። አንድ ቀን ግን ወደ ልጅቷ ፊቱን ያዞራል፤ ሁለት ዓይን አለው። ያኔ አንባቢ ምን ያድርግ? ይመነው ወይስ አይመነው? እኔም ገና አልወሰንኩም።

የንቦቹን ነገር ደግሞ እዚያው ጠይቁ። በ1888 እ.ኤ.አ. ከሱዳን የመጡት ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ብዙ ቤተ ክርስቲያን ጠፋ፣ ይህኛው ተረፈ። የንብ መንጋ ወጥቶ ወታደሮቹን አባረራቸው ይባላል። እኔ ልጅ ሆኜ ስሰማው ስለ ተአምሩ ብቻ ነበር የማስበው። አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ማሩን የቆረጠው ማን ነው? በድፍረት?

ቁስቋም ራቅ ይላል፣ በባጃጅ ሂዱ። እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ግርግር ወጣ ብለው ያሠሩት ነው፤ ፍርስራሹ ራሱ ውብ ነው። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1730 እ.ኤ.አ. ሕፃን ሆኖ ሲነግሥ እሳቸውም አብረው ዘውድ ጫኑ፤ ቀጥሎ የልጅ ልጃቸውንም ዘመን አዩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ያገኛቸው አሮጊት ሆነው ነው። ፋንታሲ ውስጥ ንግሥት ወይ ቆንጆ ናት ወይ መርዘኛ። ልጇንም የልጅ ልጇንም ቀብራ፣ ተራራ ሥር ባሠራችው ቤት ከተማውን ቁልቁል እያየች የምታረጅ ንግሥት ግን እስካሁን አላነበብኩም። አስጎብኚዬ እዚህ ጋ ሰዓቱን ማየት ጀመረ፣ ሌላ ደንበኛ ነበረው መሰለኝ። ቁስቋም ላይ የሚያጣድፋችሁ ከሆነ ሸኙትና ብቻችሁን ቆዩ።

የፋሲል መዋኛ ከጥምቀት ውጭ ውኃ የለውም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሲደርስ ይከፋዋል። አትከፉ። አጥሩን እዩ። የዛፎቹ ሥር ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጦታል፤ ግንቡ ዛፉን ይሸከም፣ ዛፉ ግንቡን ይሸከም አይለይም። ደግሞ እዚያው አጠገብ የዞብል መቃብር አለ። ዞብል ፈረስ ነው። የማን ፈረስ እንደነበረ እንደ ተራኪው ይለያያል፤ መቃብሩ ግን ቆሟል። ለፈረስ ቤት የሠራ አገር ሆነን በልቦለዳችን ፈረሶቹ ስም እንኳ የላቸውም።

አንዳንዱ አስጎብኚ ወለቃን ይጨምርላችኋል፤ ከከተማው በስተሰሜን ያለው፣ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩበት የነበረው መንደር ነው። መንገድ ዳር ትንንሽ የሸክላ ቅርጾች ይሸጣሉ፣ ግዙ። እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊ አንድ ኃይለ ቃል አለኝ። ቡዳ፣ ማታ ማታ ጅብ የሚሆን ሰው፣ ለፋንታሲ የተዘጋጀ ይመስላል፤ እኔም ጀምሬው ነበር። ነገር ግን ቡዳ እየተባሉ የተገለሉት በእጃቸው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው፣ ማረሻውን የቀጠቀጠው፣ እንስራውን የሠራችው። አስጎብኚው ይህን ሳይነግራችሁ የጅቡን ተረት ብቻ እያሳቀ ካወራላችሁ፣ በኔ ሚዛን ነጥብ ይቀነስበታል።

ሌላ ሁሉም አስጎብኚ የማያነሳው፣ ጠይቃችሁ ብቻ የምታገኙት ታሪክ አለ። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በ1932 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የጥናት ቡድን ተነቅለው ፓሪስ ሄዱ፤ በምትካቸው አንድ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ቅጂ ሣለ። አስቡት እስኪ። ቅጂው ፊት የሚጸልይ ሰው፣ ጸሎቱ የሚደርሰው ወዴት ነው? ከዚህ በላይ የልቦለድ መነሻ ማንም አይሰጣችሁም፣ ያውም በነፃ።

ስለ ሒሳብ። የመግቢያ ትኬቱና የአስጎብኚው ክፍያ ለየብቻ ነው፤ ዋጋ ሳትቆርጡ እንዳትነሱ፣ የባጃጁንም ጨምራችሁ። ጎንደሬ ነኝ ብላችሁ በይሉኝታ ካለፋችሁት በኋላ ነው ጭቅጭቁ የሚመጣው። ጠዋት ጀምሩ፣ ቀትር ላይ ድንጋዩ ይፋጃል። ክረምት ጥሩ አይደለም፣ ደረጃው ያንሸራትታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የካሜራ ፍላሽ አታብሩ፣ ለሥዕሉ ሲባል። ከመቅጠራችሁ በፊት ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ እኔ "ከነገሥታቱ ማንን ትወዳለህ?" እላለሁ። "ሁሉንም" ካለኝ አመስግኜ አልፋለሁ። አንዱ "በካፋን፣ እንደኔ ስለሚዞሩ" ብሎኛል። እሱን ነው የያዝኩት።

ስትጨርሱ ወደ ፒያሳ ውጡና ማኪያቶ አዝዛችሁ ወዲያው ጻፉ። ማታ ቤቴ ገብቼ እጽፋለሁ ያለ ሰው መብራት ይጠፋበታል፣ እንግዳ ይመጣበታል፣ በማግስቱ የሚያስታውሰው 32 ሜትሩን ብቻ ነው። እኔ ስልኬ ላይ ነው የምጽፈው፤ ቃሉን ራሱ እየገመተ የሚጽፈው ኪቦርድ "ዞብል"ን ሁሌ ሌላ ነገር ያደርግብኛል፣ እሱንም ለምጄዋለሁ።

ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። አንዷን የቀነስኩት በቁስቋሙ ጥድፊያ ነው። ለጥምቀት የምትመጡ ከሆነ አስጎብኚም አልጋም ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ በዚያ ሰሞን ጥሩ ጥሩዎቹ አይገኙም።