ጎመንና ካሮት ወይስ የቫይታሚን ኪኒን?

«ካንሰርን ለመከላከል የቱ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ይነሳል።

ዋጋ፦ ጎመን ጓሮ ካለ በነጻ ነው። ኪኒኑ ግን በየወሩ ኪስ ይዳብሳል፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካልላከ በቀር።

ምቾት፦ እዚህ ላይ ኪኒኑ ያሸንፋል። ጎመን መልቀም፣ ማጠብ፣ መክተፍ አለው። ብዙ ከተቀቀለ ደግሞ ቫይታሚን ሲው ይጠፋል። ካሮት ግን በዘይት በሰል ሲል ቤታ ካሮቲኑ (ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ንጥረ ነገር) ለሰውነት ይበልጥ ይመቻል።

አደጋ፦ ዋናው ጉዳይ ይኼ ነው። አትክልትና ፍራፍሬ የሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ አንዳንድ ካንሰሮች ቀነስ ብለው ስለታዩ፣ ተመራማሪዎች «ቫይታሚኑን ለብቻው ብንሰጥስ?» አሉና ፊንላንድ ውስጥ ከ29,000 በላይ አጫሽ ወንዶች ላይ ሞከሩት። ውጤቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ወጣ። በቀን 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን የዋጡት ላይ የሳንባ ካንሰር ጭራሽ 18 በመቶ ገደማ ጨመረ! በሌላ ትልቅ ጥናት ደግሞ ቫይታሚን ኢ የወሰዱ ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ኪኒኑን ላለመበደል ያህል፣ አሜሪካ ውስጥ በወንድ ሐኪሞች ላይ በተደረገ ጥናት መልቲቫይታሚን (ብዙ ቫይታሚኖችን በአንድ የያዘ ኪኒን) ካንሰርን በ8 በመቶ ቀንሷል። ትንሽ ናት፣ ግን አለች።

ለማን? ጤነኛ ከሆንክና ገበያው ቅርብህ ከሆነ ጎመኑን ያዝ። ሲጋራ የምታጨስ ከሆነ የቤታ ካሮቲን ኪኒን አጠገብ አትድረስ፣ ይልቅ ሲጋራውን ጣል። እርጉዝ ሴት ጤና ጣቢያ የሰጣትን ብረትና ፎሊክ አሲድ ትዋጥ፣ የእሷ ጉዳይ ሌላ ነው። በምርመራ የቫይታሚን እጥረት የተገኘበትም ሐኪሙ ያዘዘለትን ይውሰድ።