ለውሻ የሚሆን የሙቀት መለኪያ፦ ከዓመት ተመንፈቅ አጠቃቀም በኋላ

ውሻችን መቻል ባለፈው ሐምሌ ምግብ እምቢ ብሎ በዋለ በሁለተኛው ቀን እናቴ አፍንጫውን ዳስሳ «እርጥብ ነው፣ ምንም አልሆነም» አለችኝ። በብዙ ቤት የሚታመንበት ምልክት ይኸው ነው፤ ሆኖም ጤነኛ ውሻ ከእንቅልፍ ሲነሳ ወይም ፀሐይ ላይ ሲተኛ አፍንጫው ይደርቃል፣ ትኩሳት ያለበትም አፍንጫው እንደረጠበ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ጠዋት ቴርሞሜትሩ 40.3 ዲግሪ ሴልሺየስ አሳየኝ። የጤነኛ ውሻ ሙቀት በአብዛኛው ከ38.3 እስከ 39.2 በመሆኑ ሳላመነታ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት፤ ሐኪሙም ደሙን መርምሮ መዥገር የሚያስተላልፈው በሽታ እንደያዘው ነገረኝ። ስለዚህ አነስተኛ ዕቃ በዝርዝር ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ጠዋት ነው።

መሣሪያው ለእንስሳት ተብሎ የተሠራ አይደለም። በየመድኃኒት ቤቱ ለሰው የሚሸጠው፣ ጫፉ እንደ ጎማ የሚተጣጠፍ ተራ ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው። ከእሱ በፊት ሁለት ሌሎች ሞክሬአለሁ። በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረው ዓይነት ለውሻ አይሆንም፤ ጨረሩ የሚያነበው የላይኛውን ገጽ ሙቀት ስለሆነ ፀጉሩ ላይ ሲደቀን ከትክክለኛው የሰውነት ሙቀት በጣም የራቀ ቁጥር ይሰጣል፣ በየልኬቱም ይለዋወጣል። የድሮው ባለ ሜርኩሪ መስታወት በትክክለኛነቱ የሚታማ ባይሆንም፣ እንስሳው በድንገት ቢወራጭ ሰውነቱ ውስጥ ሊሰበር ስለሚችል ለማንም አልመክረውም።

ተጣጣፊው ግን ውሻው ቢንቀሳቀስ አብሮ ይታጠፋል፤ ከሁሉ በላይ የወደድኩለት ይህንን ነው። አለካኩ በፊንጢጣ ነው። ጫፉን ቫዝሊን እቀባለሁ፣ እኅቴ አንገቱን አቅፋ ታባብለዋለች፣ እኔ ጅራቱን ቀስ አድርጌ አንሥቼ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አስገባለሁ፤ ጫፉ የአንጀቱን ግድግዳ እንዲነካም በጥቂቱ ወደ ጎን አዘነብለዋለሁ፣ ዓይነ ምድር ውስጥ ከተሰካ የሚያነበው ሙቀት ትክክል አይሆንምና። ማሸጊያው ላይ በ10 ሰከንድ እንደሚለካ ተጽፏል፤ በእኔ ልምድ ግን ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ ለማይረጋ ውሻ ይህ ረጅም ጊዜ ነው፣ ዋናው ጉድለቱም ይኸው ይመስለኛል። ሌላው ጉድለት ቁልፉ ተጭኖ ሲቆይ መለኪያው ወደ ፋራናይት መቀየሩ ነው፤ አንድ ምሽት 101.5 የሚል ቁጥር አይቼ ክፉኛ ደንግጬ ነበር፣ ያም 38.6 ሴልሺየስ ማለት፣ ፍጹም ጤነኛ ሙቀት ነበረ። ከተጠቀምኩበት በኋላ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ አጥቤ በአልኮል እጠርገዋለሁ፤ በቤተሰቡ ቴርሞሜትር እንዳይሳሳትም ቀይ ፕላስተር ለጥፌበት ለብቻው አስቀምጠዋለሁ።

መሣሪያው ዋጋ ያወጣው ውሻው ጤነኛ በነበረበት ጊዜ ስለለካሁት ነው ብዬ አምናለሁ። የመቻል የዕረፍት ሙቀት 38.5 አካባቢ መሆኑን በደብተር መዝግቤ ባልይዝ ኖሮ፣ 39.4 ባየሁ ቁጥር እጨነቅ ነበር፤ እየሮጠ ከቆየ በኋላ ወይም ሐኪም ቤት ሲፈራ እስከዚያ ይደርሳልና። ከሙቀቱ ጋር ትንፋሹንም እቆጥራለሁ፤ ተኝቶ እያለ ደረቱ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ ከፍ ዝቅ ካለና ይህም ከደጋገመ ለሐኪም መንገር ይገባል። ድዱን በጣቴ ተጭኜ ስለቀው የነጣው ቦታ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ ቀለሙ መመለስ አለበት። ለእነዚህ ሁለቱ ምንም ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ ቴርሞሜትሩ ምንም በማያሳይበት ሕመም ጭምር ይጠቅማሉ፤ የድድ መገርጣት ሙቀቱ ልክ ሆኖ ሳለም አስቸኳይ ጉዳይ ነው።

ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲታይ የሰው መድኃኒት ለመስጠት የሚቸኩሉ ሰዎች ስላሉ አጥብቄ ማሳሰብ እወዳለሁ። ፓራሲታሞል ድመትን በትንሽ መጠን ይገድላል፤ አይቡፕሮፌን ደግሞ የውሻን ሆድና ኩላሊት ይጎዳል። ከ41 ዲግሪ በላይ ከሆነ የሚጠበቅ ጊዜ የለም፤ ከ37.5 በታች መውረዱም፣ በተለይ ለቡችላ፣ ከትኩሳት ያላነሰ አስጊ ነው።

ድመት ላላቸው ሰዎች ይህን መለኪያ ለመምከር አመነታለሁ፤ የጎረቤቴን ድመት ሁለት ሆነን ለመለካት ሞክረን በጭረት ብቻ ተመልሰናል፣ ለእሷ ትንፋሽ መቁጠሩና የምትበላውን መከታተሉ ይሻላል። ውሻም ቢሆን ክትባቱ ካልታወቀ፣ ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ፣ ልጋጉ ከበዛ ወይም መዋጥ ካቃተው ማንም እጁን እንዳያስጠጋበት እለምናለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየም የሚያድን መድኃኒት የለውም። እንዲህ ያለ ውሻ ባይ ቴርሞሜትሩን ከመሳቢያው አላወጣም፤ በሩን ዘግቼ ልጆቹን አርቄ ሐኪሙን እጠራለሁ።