በተመድ ትሪቡናል እግድ ሲከለከል፦ ይግባኙ ያዋጣል?

የተባበሩት መንግሥታት የውስጥ ፍትሕ አገልግሎት አሁን ባለው መልኩ የሚሠራው ከሐምሌ 2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። አዲስ አበባ ላለው የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሠራተኛ ብዙ ይጠቅማል። የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፣ የሠራተኞች የሕግ ድጋፍ ቢሮም እዚሁ ከተማ ውስጥ አለ። መዝገቡ የሚከፈተው ናይሮቢ በሚገኘው የሙግት ትሪቡናል ነው። ትልቁ ብርታቱ ፍጥነቱ ነው፤ የእግድ አቤቱታ፣ ማለትም የአሠሪው ውሳኔ ለጊዜው እንዳይፈጸም የሚጠይቅ ማመልከቻ፣ ለአስተዳደሩ ከደረሰ በኋላ በ5 የሥራ ቀናት መታየት አለበት።

እግዱ ሲከለከል ግን አገልግሎቱ እጅግ ይጠባል። የትሪቡናሉ ደንብ አንቀጽ 2(2) የአስተዳደር ግምገማ (አስተዳደሩ ራሱ ውሳኔውን መልሶ የሚመረምርበት ሂደት) እስኪያልቅ በሚጠየቅ እግድ ላይ ይግባኝ የለም ይላል። ክርክሩ ከተጀመረ በኋላ ስለሚጠየቀው ጊዜያዊ እግድም አንቀጽ 10(2) ያንኑ ይደነግጋል። ክፍት የቀረው አንድ በር ብቻ ነው፦ የሥር ዳኛው ከሥልጣኑ በግልጽ ካለፈ። «ማስረጃዬን አልመዘነልኝም»፣ «ሕጉን አጣሞ ተረጎመ» የሚለው አቤቱታ፣ እውነት ቢሆን እንኳ፣ አያስገባም። እ.ኤ.አ. በ2010 በዚህ በር የገባው አስተዳደሩ ነበር፤ ዳኞች እግዱን ከግምገማው ጊዜ በላይ ስላራዘሙ ትዕዛዛቸው በይግባኝ ትሪቡናሉ ተሻረ። እግድ የከለከለ ዳኛ ከሥልጣኑ አለፈ ማለት ግን በጣም ከባድ ነው። ይህ ሚዛን ለሠራተኛው አያደላም፤ መስተካከል ያለበትም ይመስለናል።

ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚያልቀው በመጀመሪያው አቤቱታ ነው። ሦስት ነገሮች በአንድ ላይ መታየት አለባቸው፦ በውሳኔው ሕጋዊነት ላይ ከባድና ምክንያታዊ ጥርጣሬ፣ አስቸኳይነት፣ ሊተካ የማይችል ጉዳት። አንዱ ከጎደለ አቤቱታው ይወድቃል። ብዙ ጊዜ የሚጥለው አስቸኳይነቱ ነው። ውሉ እንደማይታደስ የተነገረው ሠራተኛ ከአለቃው ጋር ሲደራደር ሳምንታት ያልፋሉ፤ ውሉ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው አቤቱታ ያስገባል። ዳኛው «አጣዳፊነቱን ራስህ ፈጠርከው» ብሎ ይመልሰዋል። ውሉ ካበቃ ደግሞ የሚታገድ ነገር የለም። «ደመወዜ ይቋረጣል» ብቻውንም አይበቃም፤ ገንዘብ በካሣ ይተካልና። የአስተዳደር ግምገማ ሳይጠየቅ እግድ ስለማይጠየቅ፣ የግምገማው ማመልከቻ ኮፒ ከአቤቱታው ጋር መያያዝ አለበት። ውሳኔው ከደረሰ በ60 ቀናት ውስጥ የሚቀርብ ነው፤ ከኒውዮርክ ዋና መሥሪያ ቤት ውጭ ላለ ሠራተኛ መልሱ በ45 ቀናት ይሰጣል። እነዚያ ቀናት ወርቅ ናቸው፤ አንቀጽ 10(2) ሹመትን፣ ዕድገትንና ስንብትን ስለማይጨምር፣ ከግምገማው በኋላ ለተሰናበተ ሠራተኛ እግድ አይገኝም።

የሕግ ድጋፍ ቢሮው የማሸነፍ ተስፋው አነስተኛ የሆነ ጉዳይ አልይዝም ሊል ይችላል፤ ሠራተኛው ራሱ መከራከር ግን ይችላል። ይግባኝ ለማለት የቆረጠ ሰው ጽሑፉን በ30 ቀናት ያስገባ፤ 60 ቀን የሚሰጠው ለፍርድ ነው፣ ለጊዜያዊ ትዕዛዝ አይደለም። ሙሉ ክርክሩም ስለ ሥልጣን ብቻ ይሁን። የእግዱ መከልከል ዋናውን ክስ አይዘጋውም፤ እሱ ከግምገማው መልስ ጀምሮ 90 ቀናት አሉት፣ ይግባኝ መጠየቅም ይህን ቆጠራ አያቆመውም።